የአባታችን ዓይን እና የቁም ሳጥኑ ካሜራ



የዛሬው ጽሑፋችን ትንሽ ረዘም ይላል። ስለ አንድ አሮጌ የፊልም ካሜራ ነው። ካሜራ ነክ ነገር የማይስባችሁ ወንድሞችና እህቶችም ብትሆኑ እስከ መጨረሻው ብታነቡት አይከፋችሁም። ነገሩ የጀመረው ብዥ ባሉ ፎቶዎች ቢሆንም፣ ያበቃው ግን በገዛ አባታችን ላይ ለ17 ዓመት ሳናጣራ የያዝነውን ፍርድ በመቀልበስ ነውና።

እኛ ሦስት ነን፤ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህት። ያደግነው ገርጂ፣ መብራት ኃይል አካባቢ ነው። አባታችን በሰፈሩ የሚታወቁት «ፎቶ አንሺው» በሚል ስም ነበር። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የገርጂን፣ የቦሌ ሚካኤልንና የጎሮን ኒካሕና ሠርግ፣ የምርቃት በዓልና የሑጃጅ ሽኝት ሲያነሡ ኖረዋል። በሳምንቱ መካከል ደግሞ በኪራይ በያዟት አንዲት ክፍል ጉርድ ፎቶ ያነሣሉ። ካሜራቸውን አጎታችን ናቸው ከጅዳ ያመጡላቸው። የጃፓን ሥሪት ነው፤ በዚያ ዘመን ለሰፈራችን ጉድ የተባለ፣ ጣት ሲነካው «ዝዝ» ብሎ ራሱ ፎከስ የሚያደርግ። የፋብሪካውን ስም አንጠቅስም፤ ወደ ኋላ እንደምታነቡት ጥፋቱ የዕድሜ እንጂ የፋብሪካ አልነበረም።

በ1999 ዓ.ም. አንድ ነገር ሆነ። የአንዲት የሰፈራችን ሙሽራ ቤተሰቦች ከአልበሙ አንዱን ፎቶ መርጠው፣ ሳሎን የሚሰቀል፣ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ እንዲታተም አዘዙ። በትንሿ ህትመት ደህና ይመስል የነበረው ፎቶ ሲያድግ ጉዱ ወጣ። የሙሽራዋ ፊት ብዥ ብሏል። ከጀርባዋ ያለው መጋረጃ ግን ጥልፉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አባባ ሌሎቹንም ፎቶዎች በማጉያ መነጽር አዩዋቸው። አብዛኞቹ እንደዚያው ነበሩ። የተቀበሉትን ገንዘብ በሙሉ መለሱ።

ያን ቀን ማታ ለእናታችን የነገሯት ነገር እስከ ዛሬ ጆሯችን ውስጥ አለ። «ካሜራው ደርሷል ይለኛል፤ አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች። እኔ ግን በመስኮቷ ሳየው ብዥ ነው የሚልብኝ። ዓይኔ ነው። ዓይኔ አልቋል» አሉ።

ከዚያ በኋላ ካሜራው በፎጣ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ገባ። አባባ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፈቱ። እኛም «የአባባ ዓይን ደክሟል» የሚለውን ነገር እንደተረጋገጠ እውነት ይዘን አደግን። የመብራት ቢል ሲመጣ ሳይጠይቁን እኛ እናነብላቸዋለን። ሲመሽ ብቻቸውን መንገድ እንዳይሻገሩ እንከለክላቸዋለን። ሐኪም ቤት ወስዶ ያስመረመራቸው ግን አንድም ሰው አልነበረም። እርሳቸው ብለዋል፣ እኛ ተቀብለናል፣ አለቀ።

◆ የአረፋው ፊልም

በ2016 ዓ.ም. የአረፋ በዓል ሲቃረብ እህታችን ካሜራውን እንድናወጣው ሐሳብ አመጣች። ከዱባይ የሚመላለስ ጓደኛችን ባለ 36 ሁለት ጥቅል ፊልም አመጣልን። ባትሪ ገዝተን ብንጨምርበት «ዝዝ» አለ፤ ከ17 ዓመት እንቅልፍ በኋላ ነቃ። ማሻአላህ ተባባልን።

በበዓሉ ቀን ሦስታችን እየተቀባበልን አነሣን። አባባ ሶፋው ላይ፣ እማዬ አዲሱን አባያዋን ለብሳ፣ የአጎት ልጆች በረንዳው ላይ። ፊልሙን አሳጥበን ስናየው ግን ደነገጥን። ፊቶቹ በሙሉ ብዥ ብለዋል። ከአባባ ጀርባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ግን ጥርት ብሎ ቁጥሩ ይነበባል።

እማዬ ፎቶዎቹን አገላብጣ አየችና «ዘር ከልጓም ይስባል! እናንተም እንደ አባታችሁ» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አባባ ብቻ አልሳቁም። ፎቶውን ከእጃችን ተቀብለው ቀን መቁጠሪያውን ረዘም አድርገው አዩትና መለሱልን።

ማታ ሦስታችን ስንቀመጥ አንድ ጥያቄ ያዘን። ታላቃችን 31 ዓመቱ ነው፣ ታናሻችን 19። መነጽር የሚያደርግ የለንም። ደግሞስ የሦስት ሰው ዓይን በአንድ ቀን፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ልክ እንዴት ይሳሳታል?

◆ ብዥታ ሁለት ዓይነት ነው

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንበብና መጠየቅ ያዝን። የተማርነው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፦ ብዥ ያለ ፎቶ ሁሉ አንድ አይደለም። እጅ ሲንቀጠቀጥ ወይም ሰውየው ሲንቀሳቀስ የሚመጣ ብዥታ አለ፤ እጅ ከሆነ ፎቶው ላይ ያለው ነገር ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይጎተታል፣ ጥርት ያለ ነገር አታገኙም። ሁለተኛው የፎከስ ስሕተት ነው። እዚህ ላይ አንድ የሆነ ነገር ጥርት ይላል፤ ግን የፈለጋችሁት ነገር አይደለም። የእኛ ቀን መቁጠሪያ ጥርት ብሎ ነበር። ስለዚህ ካሜራው በደንብ አነጣጥሯል፤ ያነጣጠረው ግን ከአባባ ፊት ኋላ ነው። የሙሽራዋስ መጋረጃ? ያው ነው። በ17 ዓመት ልዩነት ሁለቱም ስሕተት ወደ ኋላ ነበር።

◆ ካሜራው እንዴት ብሎ ያነጣጥራል?

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው።

ራሱ ፎከስ የሚያደርግ ካሜራ ለገበያ በብዛት የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ የኮኒካ «ሲ 35 ኤኤፍ» የምትባል ትንሽ ካሜራ ነበረች። ሌንሱ በሚቀያየር ትልቅ ካሜራ ላይ ደግሞ ነገሩን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሚኖልታ 7000 ነው። ኒኮንና ካነን በሁለት ዓመት ውስጥ ተከተሉት። የአሜሪካው ሃኒዌል «የፈጠራ መብቴ ተነክቷል» ብሎ ሚኖልታን ከስሶ እ.ኤ.አ. በ1992 127.5 ሚሊዮን ዶላር ማስከፈሉ ቴክኖሎጂው ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ያሳያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን መጀመሪያ የሚያገኘው 45 ዲግሪ ዘንበል ያለ ትልቅ መስታወት ነው። አብዛኛው ብርሃን ከዚህ ወደ ላይ ይነጥርና ደብዛዛ መስታወት ላይ ምስል ይሠራል፤ ፎቶ አንሺው በመስኮቷ የሚያየው ያንን ነው። የትልቁ መስታወት መሃል ግን ጥቂት ብርሃን ያሳልፋል። ያለፈው ብርሃን ከጀርባው የተንጠለጠለች ሁለተኛ ትንሽ መስታወት ላይ ያርፍና ወደ ታች፣ ወደ ካሜራው ወለል ይነጥራል። የአውቶፎከስ ሴንሰሩ ያለው እዚያ ነው። ሴንሰሩ ከሌንሱ በሁለት ወገን የመጡትን ብርሃኖች ሁለት ትንንሽ ምስሎች አድርጎ ይለካል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ፎከሱ ወደ ፊት ይሁን ወደ ኋላ፣ በምን ያህልም እንደሳተ ይነግረዋል። ሞተሩን ያዝዛል፣ ሌንሱ ይዞራል፣ አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች።

ልብ በሉ! ሴንሰሩ ፊልሙን አያየውም። ፊልሙ ከኋላ ነው። ፎቶ ሲነሣ ሁለቱም መስታወቶች ወደ ላይ ይነሡና ብርሃኑ ያን ጊዜ ብቻ ፊልሙ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ብርሃኑ የሚሄድባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ወደ ፊልሙ፣ ወደ መስኮቷ፣ ወደ ሴንሰሩ። ካሜራው እውነት የሚናገረው ሦስቱ መንገዶች በርዝመት እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። ለምሳሌ በኒኮን ከሌንሱ ማሰሪያ ቀለበት እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት 46.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በካነን ኢኦኤስ 44 ሚሊ ሜትር።

የሚፈቀደው ስሕተት ምን ያህል ነው? በ1.8 የተከፈተ ሌንስ ላይ ፊልሙ ዘንድ ያለው ነፃነት ከፊትም ከኋላም ተደምሮ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የአንድ ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ፊት ይጠፋል፣ መጋረጃ ይወጣል።

◆ የእማዬ ሜትርና 36ቱ ፎቶ

የቀረን አንድ ፊልም ብቻ ስለነበር እንዲሁ ልናባክነው አልፈለግንም። እቅድ አወጣን።

ካሜራውን መቆሚያ ላይ አቆምነው። ጠረጴዛው ላይ የእማዬን የስፌት ሜትር ከካሜራው አንጻር 45 ዲግሪ አጋድመን ዘረጋን። መሃሉን «ዜሮ» ብለን እዚያ ላይ ትልልቅ ፊደል የታተመበት ካርቶን ቀጥ አድርገን አቆምን። ከካሜራው እስከ ካርቶኑ አንድ ሜትር። ሌንሱ በሙሉ ተከፍቷል፣ 1.8። ፊልሙን ለሦስት አካፈልነው።

መጀመሪያ 12 ፎቶ በአውቶፎከስ። ከእያንዳንዱ በፊት ሌንሱን በእጃችን እናዛባዋለን፤ ግማሹን ከሩቅ፣ ግማሹን ከቅርብ እንዲመጣ። ይህን ያደረግነው ጥርሱ የላላ ሌንስ ከሁለቱ አቅጣጫ ሲመጣ ሁለት የተለያየ ቦታ ላይ ስለሚቆም ነው።

ቀጥሎ 12 ፎቶ በእጅ፣ በመስኮቷ እያዩ። ይህንን ለአባባ ተውንላቸው። እውነቱን ግን አልነገርናቸውም። እህታችን «አባባ፣ በእጅ ፎከስ ማድረግ እንዴት ነው? ያሳዩን» አለቻቸው። «እኔ ምን አያለሁና ነው የማሳያችሁ?» ብለው እምቢ አሉ። ለመነቻቸው። ቢስሚላህ ብለው ተቀመጡ። ጣታቸው ቀለበቱን ሲይዝ ያላየነውን ሰው አየን። እየዞሩ ያልፉታል፣ ይመለሳሉ፣ በግማሽ ይመልሱታል፣ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ይጫናሉ። 12 ጊዜ።

የመጨረሻው 12 እንደገና በአውቶፎከስ፣ ነገር ግን ከጓደኛችን በተዋስነው ሌላ ሌንስ። ስሕተቱ የሌንሱ ከሆነ ሌንስ ሲቀየር ይቀየራል፤ የካሜራው ከሆነ ይከተለናል።

ፊልሙ ከሦስት ቀን በኋላ ታጥቦ መጣ። ነጌቲቮቹን መስኮት ላይ ለጥፈን በማጉያ መነጽር ማየት ጀመርን። የመጀመሪያዎቹ 12፦ ጥርት ያለው ቁጥር ከዜሮው ኋላ ነበር፤ ሜትሩ ላይ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በጥልቀት ሲሰላ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር። ከሩቅም መጡ ከቅርብ ልዩነት የለውም። የመጨረሻዎቹ 12፦ ሌንሱ ሌላ ነው፣ ስሕተቱ ግን ያው ወደ ኋላ። ስለዚህ ሌንስ አይደለም፤ ካሜራው ነው።

መሃለኞቹ 12፣ የአባባ ፎቶዎች? ዜሮው ላይ። ጥቂቶቹ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ፊትና ኋላ፣ የቀሩት ልክ ዜሮው ላይ።

ሱብሓነላህ! ለጥቂት ደቂቃ ማናችንም አልተናገርንም። ያኔ በ1999 ዓ.ም. የሆነው ገባን። ሴንሰሩ ስቷል። መስኮቷ አልሳተችም። አባባ በመስኮቷ ሲያዩ ብዥ ያለባቸው በእርግጥ ብዥ ያለ ስለነበር ነው። ዓይናቸው እውነቱን እየነገራቸው ነበር። አረንጓዴዋ መብራት ግን «ደርሷል» አለች። ሁለቱ ሲጣሉ እርሳቸው መሣሪያውን አምነው ዓይናቸውን ካዱት። እኛም ተከተልናቸው።

እዚህ ላይ ኢብኑል ሀይሠምን ሳናስታውስ አናልፍም። በስራ ተወልዶ ካይሮ የኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1040 አካባቢ ያረፈው ይህ ሊቅ «ኪታቡል መናዚር» በተባለው ሥራው፣ ማየት የሚሆነው ብርሃን ከነገሮች ወደ ዓይን ሲገባ መሆኑን አስረድቷል፤ በጨለማ ክፍልም ብርሃንን ፈትኗል። የዚህ መጽሐፉ ሦስተኛው ክፍል የሚያወራው ደግሞ ዓይን መቼና ለምን እንደሚሳሳት ነው። ሊቁ «ዓይን ይሳሳታል» ብሎ ብቻ አላለፈም፤ ርቀቱን፣ ብርሃኑን፣ ሁኔታውን አንድ በአንድ ለይቶ ጠየቀ። እኛ ለ17 ዓመት ያላደረግነው ይህንን ነበር።

◆ ጎሮ ያሉት አዛውንት

አሁን ችግሩ የት እንዳለ ስላወቅን የሚሠራልን ሰው ፈለግን። የፊልም ካሜራ የሚፈታ ሰው በዘንድሮ አዲስ አበባ ጥቂት ነው። ጠይቀን ጠይቀን ድሮ ፒያሳ ይሠሩ የነበሩ፣ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ቦታቸውን ለቀው ጎሮ ልጃቸው ቤት የገቡ አንድ አዛውንት አሉ ተባልን። ከእኛ በታክሲ ቅርብ ናቸው!

ፒያሳ የካሜራ ሰፈር የሆነችው ዛሬ አይደለም። አርመኑ ቤድሮስ ቦያጂያን በዐፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኖ ሥራውን ልጆቹም ወርሰውታል። አዛውንቱም ሙያውን ከታላላቆቻቸው በማየት እንደተማሩ ነገሩን።

ነጌቲቮቹን አሳየናቸው። አይተው ፈገግ አሉ። «ልጆቼ፣ ሰው ካሜራ ይዞ ይመጣል እንጂ ማስረጃ ይዞ አይመጣም» አሉን። ሌንሱን አውልቀው በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ብዙም አልቆዩም። «ስፖንጅ ናት» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስታወቱ ሲመታ ድምፁን እንዲያለዝብ፣ ብርሃንም እንዳይገባ ካሜራ ውስጥ ስስ ስፖንጅ ይለጠፋል። ይህ ስፖንጅ በዕድሜና በሙቀት ከአሥር አሥራ አምስት ዓመት በኋላ ይቀልጣል፤ እንደ ዝፍት የሚያጣብቅ ጥቁር ነገር ይሆናል። ብዙ ዓይነት ካሜራ ላይ ያለ የታወቀ ችግር ነው። በካነን የመጀመሪያዎቹ ኢኦኤሶች ለምሳሌ የመዝጊያው ማቆሚያ ጎማ ቀልጦ የመዝጊያውን ቅጠሎች ማጣበቁ ይታወቃል። በእኛ ካሜራ ላይ የቀለጠው ስፖንጅ ፍርፋሪ ትንሿ ሁለተኛ መስታወት የምታርፍባት ፒን ላይ ተጣብቋል። መስታወቷ እስከ መጨረሻው አትወርድም። አንግሏ በጥቂቱ ተዛብቷል፤ ወደ ሴንሰሩ የሚሄደው መንገድም ከፊልሙ ጋር እኩል መሆኑ ቀርቷል። በእኛ ስሌት ልዩነቱ ፊልሙ ዘንድ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሁለት ወረቀት ውፍረት! አባታችንን ከሙያቸው ያስወጣው ያ ነው።

ቀስ በቀስ የሚመጣ ችግር በመሆኑም ነው ማንም ያልጠረጠረው። በትንሽ ህትመት ይሸፈናል፤ ከቤት ውጭ ሌንሱ ሲጠብ ይሸፈናል። ሲያድግ ነው የሚታየው።

አዛውንቱ ፒኗን በጥርስ መፋቂያ ጫፍ በተነከረ አልኮል ጠረጉ። ስሕተቱ በግማሽ ቀነሰ። የቀረውን ፒኗን ራሷን በማዞር አስተካከሉት፤ ፒኗ ክብ ትምሰል እንጂ መሃሏ ወደ አንድ ጎን ያደላ ስለሆነ ስትዞር ማረፊያውን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ከሩብ ዙር በታች ነበር የዞረችው።

በየመሃሉ የሚፈትኑበትን ዘዴ ስናይ ተደነቅን። ፊልም አላስፈለጋቸውም። የካሜራውን የኋላ በር ከፍተው፣ ፊልሙ የሚያርፍበት ሐዲድ ላይ የኪነ ሕንፃ ተማሪዎች የሚሥሉበትን ስስ ወረቀት በትንሽ መስታወት ደግፈው አስቀመጡ። በአውቶፎከስ ካርቶኑ ላይ አነጣጠሩ፣ አውቶፎከሱን አጠፉት፣ መዝጊያውን «ቢ» ላይ አድርገው ክፍት ያዙት። ምስሉ ወረቀቱ ላይ ተገልብጦ ታየ። በማጉያ መነጽር አዩት። አጥበቁ፣ ደገሙ፣ ሦስት ጊዜ። በአራተኛው «ኑ እዩ» አሉን። ፊደሉ ዜሮው ላይ ጥርት ብሎ ተቀምጧል።

የጠየቁን ገንዘብ ትንሽ ነበር። ጨመር አድርገን ብንሰጣቸው መለሱልን። «ለአባታችሁ ንገሯቸው፤ ፎቶ አንሺ ዓይኑን ይመን፣ መብራቷን ይጠይቅ» አሉን።

◆ ለአባባ ስንነግራቸው

ከመግሪብ በኋላ ነበር። ያሳተምናቸውን 12 ፎቶዎች ሰጠናቸው። በማጉያ መነጽራቸው አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«እነዚህን ማን አነሣ?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

ከዚያ የእኛንና የአውቶፎከሱን አሳየናቸው፣ የስፖንጇን ነገር አስረዳናቸው። ደስ ይላቸዋል ብለን ጠብቀን ነበር። ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ። ከዚያ «ታዲያ ያኔ ያየሁት ልክ ነበር ማለት ነው» አሉ፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው።

እህታችን «አዎ አባባ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም። ገንዘቡንም መመለስ አልነበረብዎትም» አለቻቸው።

ቀና አሉ። «ተይ ልጄ። መመለሴ ልክ ነው። ካሜራው የእኔ፣ አማናውም የእኔ ነበር። የልጅቷ ሠርግ አንድ ጊዜ ነው። ጥፋቴ ሌላ ነው፤ ብዥ ብሎ እያየሁ መጫኔ። ያልመሰለኝን ነገር ቆም ብዬ አልጠየቅኩም።»

ይህን ሲሉ እኛም አቀረቀርን። እርሳቸው እንኳ የራሳቸውን ድርሻ ለይተው ሲናገሩ፣ የእኛ ድርሻ ታየን። ሱኡ ዘን ማለት ስለ ጠላት ብቻ የሚደረግ ይመስለን ነበር። ለካ በፍቅርም ይደረጋል። ቢል ስናነብላቸው፣ መንገድ ስንከለክላቸው፣ እንደምንንከባከባቸው ነበር የምናስበው። አንድም ቀን ግን «እስቲ እንመርምር» አላልንም። በቀጣዩ ሳምንት ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ዕድሜ ያመጣው የቅርብ ንባብ ችግር ነው፣ መነጽር ይበቃቸዋል ተባልን። ሩቁን ከታላቃችን በተሻለ አነበቡ። ዐፍወን አባባ አልናቸው።

◆ አሮጌ ካሜራ ላላችሁ

ብዙ ወጣቶች ዘንድሮ የአባቶቻቸውን ካሜራ ከቁም ሳጥን እያወጡ ነው። ካሜራችሁ ፎከስ ከሳተ ለጠጋኝ ከመስጠታችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል አጣሩ፦

1. ጥርት ያለ ነገር ፎቶው ላይ አለ? ከሌለ እጃችሁን ወይም የመዝጊያውን ፍጥነት ጠርጥሩ። ካለ ከፊት ነው ከኋላ? ጻፉት።

2. የፎከስ ዓይነቱ ምን ላይ ነው? በብዙ ካሜራ አንዱ አማራጭ ፎከስ ካልደረሰ አይነሣም፤ ለሚንቀሳቀስ ነገር የተሠራው ሌላኛው ግን ፎከስ ባይደርስም ይነሣል። ለቆመ ሰው የመጀመሪያውን ተጠቀሙ።

3. ሰፊውን የፎከስ ክልል ትታችሁ ጠባቡን መሃለኛ ምረጡ። ሰፊው ከዓይን ይልቅ የሂጃቡን ጠርዝ ወይም አፍንጫን ሊይዝ ይችላል።

4. የድሮ ሴንሰሮች ብዙዎቹ የሚያዩት በአንድ አቅጣጫ የተሠመረ ልዩነትን ብቻ ነው። ልሙጥ ግድግዳ ወይም ልሙጥ ጨርቅ ላይ ከተንከራተተ ካሜራውን በጎን አዙራችሁ ሞክሩ፤ ወይም ጥርት ያለ ጠርዝ ፈልጉ።

5. ባትሪ ቀይሩ። የሌንሱንና የካሜራውን መገናኛ ብረቶች በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። የመስታወቱን ቤት አቧራ በእጅ በሚጨመቅ ጎማ እፍ በሉበት፤ በአፋችሁ ግን አይሆንም፣ ምራቅ ይገባል።

6. ሌላ ሌንስ ተውሳችሁ ሞክሩ። ከዚያ የሜትሩን ፈተና ሥሩ። ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ።

7. መስታወቱን በጨርቅም በጣትም አትንኩት። ብሩ ከመስታወቱ ላይ ላዩ ስለሆነ በቀላሉ ይጫራል። አብሮት የተሠራ ፍላሽ ያለውን ካሜራ ደግሞ ራሳችሁ አትፍቱ፤ ባትሪው ወጥቶም ቢሆን ውስጡ እስከ 300 ቮልት የሚደርስ ኤሌክትሪክ ሊያስቀምጥ ይችላል።

እስኪሠራላችሁ ድረስ አውቶፎከሱን አጥፍታችሁ በእጅ አንሡ። አረንጓዴዋን መብራት ለማረጋገጫ አትጠቀሙባት፤ እርሷም የምትሰማው ያንኑ የተሳሳተ ሴንሰር ነው።

◆ ዒዱ

በ2017 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር ካሜራው በአባባ እጅ ነበር። ለሙሽራዋ ቤተሰብ በሰው በኩል መልእክት ልከዋል፤ «ልጆቿን ይዛ ከመጣች በነፃ አነሣታለሁ» ብለው። እስካሁን መልስ አልመጣም። አባባም አልተቀየሙም፤ «የፈለገች ቀን» ይላሉ።

በዚያ ፊልም ላይ ከሁሉ የወደድነው የእማዬ ፎቶ ነው። በረንዳው ላይ፣ በጠዋት ብርሃን። የዓይኗ ሽፋሽፍት ይቆጠራል። በዓይኗ ዙሪያ ያለው መስመር ሁሉ ይቆጠራል። 30 በ40 አድርገን አሳትመን ሰጠናት።

ረዘም አድርጋ አየችውና ወደ አባባ ዞራ፣ «ይሄንንስ እንደ ድሮው ብዥ ብታደርጉት ይሻለኝ ነበር» አለች።

በዚህ ጊዜ አባባም ሳቁ።

ቤታችሁ ውስጥ «ደክሟል፣ አይችልም» ተብሎ ሳይጣራ የተተወ ሰው ወይም ዕቃ ካለ እስቲ ዛሬ ጠይቁ። ያገኛችሁትን ደግሞ ከታች ጻፉልን፤ እናነበዋለን፣ ኢንሻአላህ።